«እናመሰግናለን» እያለ የሚጥል ፎርም

ነሐሴ 2017 መገባደጃ ላይ፣ ዝናቡ ገና ሳያባራ፣ አንድ ወጣት ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ወዳለ ማሠልጠኛ ተቋም ሦስት ፎቅ ደረጃ ወጥቶ ገባ። ሬጅስትራሯ ጠረጴዛ ፊት ቆመና ስልኩን ከጃኬቱ የውስጥ ኪስ አውጥቶ ስክሪንሾት አሳያቸው። «እናመሰግናለን፤ ምዝገባዎ ደርሶናል። በ2 ቀን ውስጥ እንደውልልዎታለን» ይላል። «እትዬ፣ ይኸው ተመዝግቤያለሁ፤ ሦስት ሳምንት አለፈኝ፣ የደወለልኝ የለም» አለ። ሬጅስትራሯ ስሙን ኮምፒውተር ላይ ፈለጉ፤ የለም። በስልክ ቁጥሩ ፈለጉ፤ የለም። ወጣቱ አልዋሸም፣ ኮምፒውተሩም አልተበላሸም። ፎርሙ ምዝገባውን ተቀብሎ፣ አመስግኖ ጥሎታል።

ያንን ፎርም እንዳይ የተጠራሁት እኔ ነኝ። ሥራው ከሳምንት በላይ ወሰደብኝ። ያየሁትን በደረሰበት ቅደም ተከተል የምጽፈው፣ ከዚያ ወዲህ በሁለት ሌሎች ደንበኞቼ ዌብሳይት ላይ ያንኑ ሴቲንግ ስላገኘሁ ነው።

ተቋሙ የሒሳብ አያያዝ፣ ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር፣ መሠረታዊ ኮምፒውተርና እንግሊዝኛ ያስተምራል። ለዓመታት የነበረው ፒያሳ ነው። ያኔ ከታክሲ የወረደ ሰው ቀና ብሎ ባነሩን ያይና «ወሩ ስንት ነው?» እያለ ይገባ ነበር። በ2016 የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ሲደርስ ሕንፃው ፈረሰ፤ እነሱም አሁን ወዳሉበት ተዛወሩ። አዲሱ ቦታ ከመንገድ አይታይም። ስለዚህ ዌብሳይቱ ላይ ያለው የምዝገባ ፎርም የተቋሙ በር ሆነ ማለት ነው። ያ በር ለስንቱ እንደተዘጋ ግን ማንም አላወቀም። ሥራ አስኪያጁ የምዝገባው ቁጥር ማሽቆልቆሉን አስተውለዋል፤ ምክንያቱ ግን ኑሮ መስሏቸው ነበር። «ሰው እኮ ብር የለውም፤ ለልጁ ደብተር ይገዛል እንጂ ለራሱ ይማራል?» አሉኝ። ፎርም ድምፅ ሳያሰማ ሲጥል ጉዳቱ ገበያ የቀዘቀዘ ነው የሚመስለው፤ ስለዚህ ማንም ቴክኒሻን አይጠራም።

መጀመሪያ ያየሁት ኢሜይሉን

እንዲህ ዓይነት ስሞታ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ የማየው ኢሜይሉን ነው። እዚህም ችግር ነበረበት። ፎርሙ ለቢሮው ማሳወቂያ ሲልክ ላኪ አድርጎ የሚያስቀምጠው የተመዝጋቢውን የራሱን ኢሜይል ነው። አንድ ሰው የያሁ አድራሻውን ከሞላ የእኛ ሰርቨር «ይህ ከያሁ የመጣ ነው» ብሎ ይልካል፤ ከያሁ ግን አልመጣም። ያሁ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2014 ጀምሮ በስሙ ከሌላ ሰርቨር የሚላክ ኢሜይል ውድቅ እንዲደረግ የሚያዝ ፖሊሲ አውጥቷል። ከሚመዘገቡት ውስጥ በዕድሜ ጠና ያሉት ብዙዎቹ አሁንም የያሁ አድራሻ ነው ያላቸው። ላኪውን የተቋሙ የራሱ አድራሻ አደረግሁት፣ የተመዝጋቢውን ኢሜይል ወደ «መልስ ለ» ቦታ አዛወርሁት፣ በተቋሙ ስም ኢሜይል መላክ የተፈቀደለት ሰርቨር የትኛው እንደሆነ የሚናገረውን የኤስፒኤፍ መዝገብም ለዶሜኑ አስገባሁ። ግማሽ ቀን ፈጀ።

ነገሩን ግን አልፈታውም። ይህ ፎርም ማሳወቂያ ከመላኩ በፊት ምዝገባውን ዳታቤዝ ውስጥ ያስቀምጣል። ጥፋቱ የኢሜይል ብቻ ቢሆን ኖሮ የወጣቱ ስም ዳታቤዙ ውስጥ ይገኝ ነበር። አልተገኘም። ስለዚህ መልእክቱ የተጣለው ከዚያ በፊት፣ ስፓም፣ ማለትም ያልተጠየቀ ማስታወቂያ፣ የሚያጣራው ክፍል ላይ ነው።

ከላፕቶፔ ሞከርሁት፤ ገባ። ከስልኬ ሞከርሁ፤ ገባ። ለሥራ አስኪያጁ «ጋሼ፣ አሁን ይሠራል» አልኳቸው። ሬጅስትራሯ ከጠረጴዛቸው ሳይነሱ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ሥራውን የፈታውም እሱ ነው። «ልጄ፣ ለአንተማ ይሠራል። ለሰዎቹ ነው እምቢ ያለው።»

ደብተሩ

ሬጅስትራሯ ከመሳቢያ ጥቁር ልባስ ያለው ደብተር አወጡ። «ሞልቻለሁ፣ አልተደወለልኝም» ብሎ የመጣን ሰው ሁሉ መዝግበውታል፦ ሙሉ ስም፣ ስልክ፣ የመጣበት ቀን። ማንም አላዘዛቸውም። ሰው ተሰናክሎ ሲመጣ ስሙን መጻፍ ልማዳቸው ነው። እኔ ሎግና ዳሽቦርድ ሳገላብጥ ያጣሁት ማስረጃ እዚያ በቢክ እስክሪብቶ ተጽፎ ተቀምጧል።

ስሞቹን አንድ በአንድ ፎርሙ ላይ ማስገባት ጀመርሁ፤ ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላም ዳታቤዙን ከፍቼ አያለሁ፤ ምክንያቱም ፎርሙ ቢቀበልም ባይቀበልም የሚያሳየው ያንኑ ምስጋና ነው። ሌላውን ሁሉ አንድ ዓይነት አድርጌ የምቀይረው ስሙን ብቻ ነበር። የመጀመሪያው ሰው የአባት ስም አሰፋ ነው። በላቲን ፊደል፣ ሰዎች እንደሚጽፉት ኤስን ደግሜ አስገባሁ። ምስጋናው መጣ፤ ዳታቤዙ ባዶ። አንዱን ኤስ አጥፍቼ መልሼ ላክሁ። ገባ። ኤሱን መለስሁት። ጠፋ። አጠፋሁት። ገባ። ሬጅስትራሯ ከኋላዬ ቆመው ያያሉ። ቀጣዩ ካሳሁን ነበር፤ ጠፋ። ቀጣዩ ሐሰን፤ ጠፋ። ታሰው፤ ጠፋ። ከዚያ በቀለ መጣ፤ ገባ።

እነዚህ ስሞች በላቲን ሲጻፉ ውስጣቸው ሦስት ፊደላት ተከታትለው ይገኛሉ፦ ኤ፣ ኤስ፣ ኤስ። ለብቻቸው ሲቆሙ በእንግሊዝኛ ነውር የሆነ ቃል ናቸው። ቃሉ ዌብሳይቱ ላይ በተከለከሉ ቃላት ዝርዝር ውስጥ ነበረ።

ይህ ዝርዝር ዌብሳይቱ በተሠራበት ሶፍትዌር፣ በወርድፕረስ ውስጥ ድሮም ያለ ነው፤ ሴቲንግ ውስጥ «ውይይት» በሚለው ክፍል ይገኛል። መጀመሪያ የተሠራው ለአስተያየት ቢሆንም አንዳንድ የፎርም ፕለጊኖችም (በላዩ የሚጫኑ ተጨማሪ ፕሮግራሞች) ይጠቀሙበታል። ከሥሩ ብዙ ሰው አንብቦ የሚያልፈው ማስጠንቀቂያ አለው፦ ቃሉ በሌላ ቃል ውስጥ ቢገኝም ይያዛል። ትልቅና ትንሽ ፊደልም አይለይም። እዚህ ተቋም የነበረው ዝርዝር ከኢንተርኔት የተወሰደ ዝግጁ ጥቅል ነው፤ ማሸብለሉ ራሱ ይሰለቻል። ውስጡ ያለው በአብዛኛው የቁማር፣ የብድር፣ የመድኃኒትና የወሲብ ቃል ነው፤ የፎርሙ ባለቤት ማን እንደሆነ፣ ማን እንደሚሞላው ግን ዝርዝሩን ያዘጋጀው ሰው ሊያውቅ አይችልም። አንድ የወንዶች መድኃኒት ስም በእንግሊዝኛው «ስፔሻሊስት» በሚለው ቃል ውስጥ ተሰክቶ ይገኛል፤ ስለዚህ «የታክስ ስፔሻሊስት መሆን እፈልጋለሁ» ብሎ በእንግሊዝኛ የጻፈ ይጣላል። «ክሬዲት» ታግዷል፤ የሒሳብ አያያዝ ማሠልጠኛ ነው እንግዲህ፣ ዴቢትና ክሬዲት የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ነው። መኖሪያውን ሰሜን ሆቴል አካባቢ ብሎ በላቲን የጻፈም ይያዛል፤ «ሰሜን» በላቲን ሲጻፍ ለእንግሊዝኛው ማጣሪያ ሌላ፣ የተከለከለ ቃል ነውና።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 የእንግሊዝ አገር ስካንቶርፕ ከተማ ነዋሪዎች በአንድ ትልቅ የኢንተርኔት አገልግሎት ላይ አካውንት መክፈት አቅቷቸው ነበር፤ የከተማቸው ስም ውስጥ ነውር ቃል ተደብቆ ስለተገኘ። የዘርፉ ሰዎች እስከ ዛሬ ችግሩን የሚጠሩት በዚያች ከተማ ስም ነው። የኛ ግን የከፋ የሚሆንበት ምክንያት አለ። የኛ ሰው ሲመዘገብ የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ነው የሚጽፈው፤ ፎርሙም ሦስቱንም ይጠይቃል። ልጁ ስሙ ዮናስ ቢሆን አባቱ ካሳ ሊሆን ይችላል፤ አባቱ ቢያልፍ አያቱ አሰፋ ይሆናል። ሦስት ስም ማለት ለማጣሪያው ሦስት የመያዣ ዕድል ማለት ነው። በዚያ ላይ ላቲኑ ለኛ ስም የተበጀ ስላልሆነ፣ አንዱ ኤስን አንድ ጊዜ ሌላው ሁለት ጊዜ ይጽፋል። ወንድማማቾች ተመዝግበው አንዱ ገብቶ አንዱ ሊቀር ይችላል ማለት ነው።

ሬጅስትራሯ ይህን ሲረዱ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። «በአባታቸው ስም ነው እንዴ የተባረሩት?» አሉ። አዎ አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ብዙ አልተነጋገርንም፤ ሥራው ግን ለሁለታችንም የተቋሙ ገቢ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀረ።

በአማርኛ የጻፈ

ዝርዝሩን ባዶ አድርጌ ደብተሩን ከመጀመሪያው ጀመርሁ። ካሳሁን ገባ፣ ሐሰን ገባ። ሁለት ስሞች ግን አሁንም እየጠፉ ነው። ሬጅስትራሯን «እነዚህ እንዴት እንደሞሉት ያውቃሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ደወሉላቸው። ሁለቱም በአማርኛ ነው የሞሉት።

በአማርኛ ሞክሬ አላውቅም ነበር። ይህንን የምጽፈው ሌላውም ሰው እንዳይዘነጋው ነው፤ እኔ አማርኛ እያወራሁ የምውል ሰው ፎርም ስፈትሽ የምጽፈው «ቴስት ቴስት» ብዬ በላቲን ነው። በኪቦርዱ ይፈጥናል። ሰዎቹ ግን ፎርሙ በአማርኛ ስለጠየቃቸው በአማርኛ መለሱ።

ምክንያቱን ፍለጋ ቀጠልሁ፤ የዌብሳይቱን መልክ የሚወስነው ፋይል (ቲም) ውስጥ አንድ ሰው በእጁ የጨመራት ሰባት መስመር የፒኤችፒ ኮድ አገኘሁ። ሥራዋ ይህ ነው፦ መልእክቱ ውስጥ ከላቲን ፊደል ውጭ የሆነ ፊደል ከበዛ ስፓም ነው። ኮዷ የተጨመረችው በ2016፣ ዌብሳይቱ በሩሲያኛ ማስታወቂያ በተጥለቀለቀበት ሰሞን ነው። ያኔ ሬጅስትራሯ በየጠዋቱ የቁማርና የብድር መልእክት ሲያጠፉ ይረፍድባቸው እንደነበር ራሳቸው ነግረውኛል። የቀድሞው ቴክኒሻን የተጠየቀውን አደረገ፤ ስፓሙም ቆመ። ለሩሲያኛው የሚሆን መድኃኒት ነበር። ኮዷ ግን ሩሲያኛን ለይታ አታውቅም፤ የምታውቀው «ላቲን» እና «ላቲን ያልሆነ» ብቻ ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ከዩ+1200 እስከ ዩ+137ኤፍ የራሱን ቦታ አግኝቷል፤ ስልክ ሁሉ ያነበዋል፣ ብራውዘር ሁሉ ያሳየዋል። መሐል አዲስ አበባ ላይ፣ በአማርኛ የሚጠይቅ ፎርም በአማርኛ የመለሰለትን ሰው እንደ ማስታወቂያ ቆጥሮ ይጥል ነበር።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ይህ ነው። በአማርኛ የሚሞሉት በአብዛኛው እንግሊዝኛ የሚያስቸግራቸው ናቸው፤ ተቋሙ ደግሞ እንግሊዝኛ ያስተምራል። ትምህርቱ ይበልጥ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ናቸው ሳይታዩ የቀሩት።

ሁለት ደቂቃ

ቀሪዎቹን ችግሮች ያገኘሁት ደብተሩ ላይ ካሉት ሳይሆን፣ ከሬጅስትራሯ ፊት ለፊት ተቀምጠው በስልካቸው ፎርሙን ሲሞሉ ከተመለከትኋቸው ሰዎች ነው። አንዲት እናት ነበሩ፤ ለልጃቸው ነው የሚሞሉት። ስልካቸውን ከዓይናቸው አርቀው ይዘው፣ በአንድ ጣት፣ ከአማርኛ ኪቦርድ ወደ ቁጥር እየተመላለሱ፣ የልጃቸውን የትምህርት ደረጃ የሚጠይቀው ቦታ ላይ ሲደርሱ ለልጃቸው ደውለው ጠየቁ። ከዚያ ተመልሰው ጨረሱ። ስምንት ደቂቃ ያህል ፈጀባቸው። ላክን ተጫኑ፤ ምስጋና መጣላቸው፤ ዳታቤዙ ውስጥ ምንም የለም።

ዌብሳይቱ ሰውን ከሮቦት የሚለየውን የሪካፕቻን ሦስተኛ ስሪት ይጠቀም ነበር። ሪካፕቻ እ.ኤ.አ. በ2007 ከካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ የወጣ፣ በ2009 ጉግል የገዛው ሥራ ነው። በቀድሞዎቹ ስሪቶች የተጣመመ ፊደል አንብብ፣ የትራፊክ መብራት ያለበትን ሥዕል ምረጥ ይል ስለነበር ሰውየው እየተፈተነ መሆኑን ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ሦስተኛው ስሪት ምንም አይጠይቅም፤ ከበስተጀርባ ሆኖ ከ0.0 እስከ 1.0 ነጥብ ይሰጣል። ወደ 1.0 የተጠጋ ሰው፣ ወደ 0.0 የተጠጋ ሮቦት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። በነጥቡ ምን እንደሚደረግ የሚወስነው ግን የዌብሳይቱ ባለቤት ነው፤ መነሻ ተብሎ የሚመከረውም 0.5 ነው። እዚህ 0.9 ላይ ተሰቅሎ ነበር።

ከነጥቡ ሌላ ደግሞ የጊዜ ጉዳይ አለ። ሪካፕቻ ለእያንዳንዱ ጎብኚ የሚሰጠው ማረጋገጫ ቶክን ይባላል፤ ዕድሜው ሁለት ደቂቃ ነው፣ የሚያገለግለውም አንድ ጊዜ ብቻ። አቅራቢው ራሱ ቶክኑ መጠየቅ ያለበት ሰውየው ላክን ሲጫን እንጂ ገጹ ሲከፈት አይደለም ብሎ በግልጽ ጽፏል። የዚህ ዌብሳይት ኮድ ግን ገጹ እንደተከፈተ ይጠይቅና ያስቀምጠዋል። እኔ ስሞክር ሠላሳ ሰከንድ አልፈጀብኝም። እኚያ እናት ግን ቶክናቸው ከሞተ ከስድስት ደቂቃ በኋላ ነው የላኩት። የማረጋገጫው ምላሽ «ጊዜው አልፏል ወይም ተደግሟል» ነበር፤ ፎርሙም ይህን «ሮቦት ነው» ብሎ ተረጎመው። ቀስ ብሎ የጻፈን፣ ልጁን ደውሎ የጠየቀን፣ ተጠንቅቆ የሞላን ሰው ነው የጣለው። ሮቦት እኮ አይዘገይም።

ሌላው የአይፒ ገደብ ነው (አይፒ ኢንተርኔት ላይ ያለ ግንኙነት የሚታወቅበት ቁጥር ነው)፦ ከአንድ አድራሻ በሰዓት ከሦስት በላይ ምዝገባ አይቀበልም። ሬጅስትራሯ ሰው ሲበዛባቸው «እዚሁ ዋይፋያችንን ተጠቅማችሁ በስልካችሁ ሙሉት» ይሉ ነበር። በቢሮው ዋይፋይ የገባ ሁሉ ለሰርቨሩ አንድ አድራሻ ነው። አራተኛው ሰው እሳቸው ፊት ተቀምጦ ይጣላል። የሞባይል ዳታም ቢሆን በብዙ አገር ብዙ ተጠቃሚን ከአንድ የውጭ አድራሻ ጀርባ ያሰልፋል፤ ለዚህ አሠራር ተብሎ የተለየ የአድራሻ ክልል እ.ኤ.አ. በ2012 ተመድቧል። እንዲህ ባለበት አገር አይፒ ቆጥሮ ሰው መለየት ሰፈር ቆጥሮ ሰው እንደመለየት ነው።

የስልክ ቁጥሩን በአጭሩ ልለፈው። «የውሸት ቁጥር እንዳይገባ» ተብሎ በ09 የሚጀምር ብቻ እንዲቀበል ተደርጎ ነበር። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በመስከረም ወር 2015 በይፋ ሥራ ከጀመረ ወዲህ በ07 የሚጀምር ቁጥር ያለው ሰው ሞልቷል። ይኸኛው ቢያንስ «ቁጥሩ ትክክል አይደለም» ብሎ በግልጽ ይመልሳል፤ ሰውየው ግን ቁጥሩ ትክክል ስለሆነ ግራ ተጋብቶ ይሄዳል።

ስንት ሰው ጠፋ?

ሥራ አስኪያጁ የጠየቁኝ ይህንን ነው፤ በቁጥር መመለስ ግን አልቻልሁም፤ የተጣለው መልእክት የትም አልተቀመጠም። የቀድሞው ሴቲንግ ስፓም የተባለውን ዳታቤዝ እንዳያጣብብ ወዲያው ያጠፋል። የነበረን የሰርቨሩ ሎግ ብቻ ነው፤ የአንድ ወር ያህል ተቀምጧል። ሎግ ማን መቼ ምን እንደጠየቀ ይይዛል፤ ፎርሙ ውስጥ የተጻፈውን ግን አይዝም። እንዲያም ሆኖ ሰውና ሮቦት በአረማመዳቸው ይለያሉ። ሮቦቱ ገጹን ሳያይ በቀጥታ ይልካል፣ ወይም ከፍቶ በሰከንድ ይልካል። ሰው ገጹን ይከፍታል፣ ሥዕሎቹ ይወርዱለታል፣ የክፍያ ገጹን ያያል፣ ይመለሳል፣ ደቂቃዎች ይቆያል፣ ከዚያ ይልካል። እንዲህ የሄዱትን ለይቼ ዳታቤዙ ውስጥ ከተቀመጡት ጋር ሳስተያይ የገቡት ከግማሽ ያነሱ ነበሩ። ስማቸው የለም፣ ስልካቸው የለም፤ ያለው «ከቀኑ 8 ሰዓት ከ12፣ ላከ» የሚል መስመር ብቻ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ «እኔ እኮ ሰው ብር የለውም እያልኩ ነበር» አሉ።

ምን አደረግን

የላቲኗን ኮድ አጠፋሁ። የቃላቱን ዝርዝር አልመለስሁትም፤ በምትኩ ሌላ ነገር አየሁ። ወደዚህ ፎርም የሚመጣ ስፓም ሁሉ ማለት ይቻላል ሊንክ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ለፒችትሪ የሚመዘገብ ሰው ግን ሊንክ የሚጽፍበት ምክንያት የለውም። ስለዚህ ከስም ይልቅ ሊንክ መቁጠር ይሻላል። ሁለትና ከዚያ በላይ ሊንክ ያለው መልእክት ለማጣራት ይያዛል። ሰው የማያየው ሮቦት ግን የሚሞላው ባዶ ሳጥንም ጨመርሁ። እሱ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ሳጥኑን «ኢሜይል» ወይም «ስልክ» የሚመስል ስም ከሰጡት ብራውዘሩ ራሱ በአውቶፊል ሞልቶት ሰውን ሮቦት ያደርገዋል። በስክሪን አንባቢ የሚጠቀሙ ዓይነ ስውራንም እንዳይገቡበት ከአንባቢው መደበቅ አለበት። እኔ የጨመርሁትን ሳጥን ስም ትርጉም አልባ አደረግሁት፣ አውቶፊሉንም ዘጋሁበት።

ቶክኑ አሁን የሚጠየቀው ላክ ሲጫን ነው። ጊዜው ያለፈ ቶክን ሲመጣ ፎርሙ ሌላ ይጠይቃል እንጂ ሰውየውን አይፈርድበትም። የነጥቡ ወሰን ወደ 0.3 ወረደ፤ ከዚያ በታች የሆነውም አይጠፋም፣ ይያዛል እንጂ። በሪካፕቻ ቦታ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራውን ተርንስታይልን ልተካ አስቤ ነበር፤ ክላውድፍሌር እ.ኤ.አ. በ2022 ያስተዋወቀው ነው፣ የቶክኑ ዕድሜም አምስት ደቂቃ ነው። ግን የምዝገባ ወር ላይ፣ ገና የተጠገነ ነገር ላይ አዲስ መጨመር አልፈለግሁም። በሰከነ ጊዜ ይታያል። የአይፒ ገደቡን ለቢሮው ዋይፋይ አነሳሁት፣ ለሌላውም ሰፋ አደረግሁት። 07ም ተቀላቀለ።

ይህ ሁሉ ሆኖ እኔ ዋናው ነው የምለው ግን ሌላ ነው። ማጣሪያው የመጣል ሥልጣኑ ተወሰደበት። የጠረጠረውን መያዝ ይችላል፤ ማጥፋት አይችልም። የተያዘው ሁሉ ለብቻው በሆነ ማኅደር ከነምክንያቱ ይቀመጣል፦ «ነጥብ 0.2»፣ «2 ሊንክ»፣ «ባዶው ሳጥን ተሞልቷል»። ሬጅስትራሯ ጠዋት ይከፍቱታል። ምዝገባው የተያዘበት ሰውም የሚያነበው ጽሑፍ ተቀየረ። ከእሳቸው ጋር ነው የጻፍነው፦ «መልእክትዎ ደርሷል፤ ነገር ግን ለማጣራት ተይዟል። እስከ ነገ ካልደወልንልዎ እባክዎ በዚህ ቁጥር ይደውሉልን።» እኔ «ደርሷል» ብቻ ይበቃል ብዬ ነበር። እሳቸው «አይሆንም፣ እውነቱን እንንገራቸው፤ ደግሞ ስልካችን ይኑርበት» አሉ። ትክክል ነበሩ። ያ ወጣት በነሐሴ ዝናብ ሦስት ፎቅ የወጣው የሚደውልበት ቁጥር አጥቶ ነው።

በማኅደሩ ውስጥ የሰው ስምና ስልክ ስላለ ከ30 ቀን በኋላ ራሱ እንዲጠፋ አድርጌዋለሁ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ መረጃን ያለ ምክንያት አከማችቶ መያዝ ድሮ እንደነበረው ቀላል ነገር አይደለም፤ ለሥራ አስኪያጁም ይህን አስረዳኋቸው።

የጠፉትን ፍለጋ

የደብተሩ ሰዎች ሁሉም ተደውሎላቸው ተመዝግበዋል። ደብተሩ ላይ የሌሉት ነበሩ የሚያሳስቡት፤ ወደ ቢሮ ያልመጡት፣ «አልፈለጉኝም» ብለው ቤታቸው የቀሩት። በመስከረም መጀመሪያ ተቋሙ በቴሌግራም ቻናሉ ላይ አጭር ማስታወቂያ አወጣ። ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ «የቴክኒክ ብልሽት አጋጥሞን» ብለው ጽፈው ነበር። ሬጅስትራሯ አሰረዟቸው። የወጣው እንዲህ የሚል ነው፦ «ከሰኔ ጀምሮ በዌብሳይታችን ተመዝግባችሁ ያልደወልንላችሁ ካላችሁ፣ ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ምዝገባችሁ አልደረሰንም። እባካችሁ ደውሉልን።» ከሰኔ ያሉት በግምት ነው፤ ሎጉ ወደ ኋላ ያን ያህል አይሄድም። ፎርሙ የሚጥለው ግን ከ2016 ጀምሮ ነው።

ደወሉ። አንዳንዶቹ ሌላ ቦታ ተመዝግበው ነበር፤ ሬጅስትራሯ ለእነሱም ይቅርታ ጠየቁ። አንዷ ከአምና ጀምሮ ነው የሞላችው፤ ሁለት ጊዜ። በአማርኛ ነው የሞላችው። ትምህርቱ ከመስቀል በኋላ ሲጀመር ፊተኛው ወንበር ላይ አየኋት፤ ያን ቀን ኮምፒውተር ላቡ ውስጥ ኬብል ልቀይር ሄጄ ነበር።

እነሆ አሁን ወራት አልፈዋል። ስፓም ይመጣል፤ በሳምንት ጥቂት፣ ሁሉም ማለት ይቻላል ማኅደሩ ውስጥ ይያዛል። ሬጅስትራሯ ጠዋት ቡናቸውን ይዘው ይከፍቱታል፣ የቁማሩን ይሰርዛሉ። ባለፈው ሳምንት ደውለውልኝ ነበር። አንድ ሰው የሥራ ልምዱንና የዲግሪውን ሊንክ አያይዞ ለማስተማር ያመለከተበት መልእክት ተይዞ አግኝተው ነው። «ሁለት ሊንክ ብሎ ይዞታል፤ ሰው ግን ነው። ለቀቅሁት፣ ደወልኩለትም፤ ጥሩ ሠራሁ?» አሉኝ።

ጥሩ ሠርተዋል አልኳቸው።